የእናቴ ወንበር በበሩ አላልፍ አለ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው ጉለሌ ነው፣ አያቴ በሠሩት ጭቃ ቤት ውስጥ። እናቴን ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ዘመድ ከውጭ ዊልቸር ላከልን፣ እግዜር ይስጠው፣ ግን የመኝታ ቤቷ በር አያስገባውም። ወንበሩ 64 ሳንቲም ነው፣ በሩ ተከፍቶ ስለካው 62። በየቀኑ እኔና ወንድሜ ተሸክመን ነው የምናስገባት የምናስወጣት። እሷም ትሳቀቃለች፣ «ተዉኝ፣ እዚሁ ልተኛ» ማለት ጀምራለች። የሰፈር አናጢ መጥቶ አየና «ሁለት ቋሚ ቆርጬ በግማሽ ቀን እጨርሰዋለሁ» አለን። ወንድሜ ደግሞ ያ ግድግዳ ጣሪያውን የያዘ ነው፣ ቤቱ ይወርድብናል ብሎ ከለከለ። ግድግዳው መኝታ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ማናቸው ናቸው ትክክል?

የእናቷ ልጅ፣ ከጉለሌ

መልስ፦

ሰላም እህቴ። እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። «ተዉኝ፣ እዚሁ ልተኛ» ያለችው ነገር ከልቤ አልወጣም። ከገዛ መኝታ ቤት ለመውጣት የሰው ጫንቃ መጠበቅ ከባድ ነው፣ በተለይ ያንን ቤት ስታስተዳድር ለኖረች እናት። ስለዚህ በሩ መስፋት አለበት። ይሰፋልም።

ወንድምሽ መፍራቱ ትክክል ነው። አናጢውም ቋሚ መቆረጡ አይቀርም ማለቱ ልክ ነው። ያልተስማማኝ «በግማሽ ቀን» ያለው ነው። በግማሽ ቀን የሚያልቀው መቁረጡ ነው። ያ ቋሚ ግን ዝም ብሎ የተገተረ እንጨት አይደለም፣ የጣሪያው ክብደት ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ነው። መንገዱን ከመዝጋታችሁ በፊት ክብደቱ በሌላ በኩል የሚወርድበት መንገድ ማበጀት አለባችሁ። ሥራው ይኸው ነው፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የእሱ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ግን ዛሬ ማታ የምታደርጉት አንድ ነገር አለ። የበሩን መዝጊያ ከማጠፊያው አውልቁት። መዝጊያው ተከፍቶ ሲቆም በውፍረቱ ወደ 4 ሳንቲም ይሻማል፣ እሱ ሲወጣ 62 የነበረው 66 ገደማ ይሆናል። መጋረጃ ስቀሉበት። ወንበሩ ያልፋል፣ ግን ጠባብ ነውና ከኋላ የሚገፋ ሰው ይኑር፣ እናትሽም እጇን ጭኗ ላይ ታድርግ። በተለይ ያ የማይታዘዝላት ግራ እጇ ወደ ጎን ወጥቶ መቃኑ እንዳይልጠው ተጠንቀቁ። ይህ ለጊዜው ነው። ለዘለቄታው እሷ ራሷ በቀኝ እጇና በቀኝ እግሯ እየገፋች ሳሎን እንድትወጣ ነው የምንፈልገው፣ ለዚያ ደግሞ የእጅና የክርን ቦታ ያስፈልጋል። አሜሪካኖች በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎቻቸው የሚጠይቁት ዝቅተኛው ክፍት ስፋት 32 ኢንች ነው፣ በእኛ 81 ሳንቲም ግድም። እኔ 85 አድርጉት እላለሁ። መቃኑንና መዝጊያውን ስትጨምሩበት በሁለቱ አዲስ ቋሚዎች መካከል አንድ ሜትር ያህል ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው። ተሸካሚ መሆኑን በመገመት አይታወቅም፣ በማየት ነው። ወንድምሽ ባትሪ ይዞ ኮርኒሱ ላይ ይውጣ፣ እግሩን እንጨቱ ላይ ብቻ እያሳረፈ። የሚያየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የግድግዳው ቋሚዎች ኮርኒሱ ጋ ያበቃሉ ወይስ አልፈው እስከ ጣሪያው ይወጣሉ? ሁለተኛ፣ ወራጆቹ፣ ማለትም የጣሪያው ሰያፍ እንጨቶች፣ ወይም የጣሪያው አናት ላይ ያለው አግዳሚ እዚህ ግድግዳ ላይ ያርፋል? ወይስ ሁለት አጭር እንጨት እዚህ ጋ ተገናኝቶ ተቀጥሏል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ግድግዳው ተሸካሚ ነው። በድሮ ጭቃ ቤቶች የመሃል ግድግዳ እስከ ጣሪያው አናት መድረሱ የተለመደ ነው፣ ረጅም እንጨት እንደ ልብ አይገኝምና ሠሪዎቹ ጣሪያውን መሃል ላይ ያሳርፉታል። አይቶ ካልለየለት ተሸካሚ ነው ብላችሁ ሥሩ። እንዲህ ብሎ መሳሳት የሚያስከፍለው የሁለት ቀን ድካም ነው፣ በተቃራኒው መሳሳት ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጅ እያለሁ እኛ ቤት ይህንኑ ሥራ አሠርተን ነበር። በሩን ለማስፋት ሁለት ቋሚ ተቆረጠ፣ ከላይ አንድ አግዳሚ በአራት ሚስማር ከግራና ከቀኝ ተመታ፣ በጭቃ ተመረገ፣ አማረ። ሐምሌ ሲመጣ በሩ አልዘጋ አለ። አባቴ የመዝጊያውን ጫፍ በመላጊያ ላጠው። ነሐሴ ላይ እንደገና አልዘጋ አለ፣ እንደገና ላጠው። እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ ያበጠ መስሎን ነበር። መስከረም ላይ ምርጊቱ ተሰንጥቆ ሲወርድ ነው ጉዱ የታየው፣ አራቱም ሚስማሮች ጎብጠው አግዳሚው ሦስት ጣት ያህል ወርዷል። ሰው አልተጎዳም፣ እግዜር ይመስገን። ከዚያ ወዲህ በር አልዘጋ ያለኝ ሰው ሁሉ መላጊያ ከማንሳቱ በፊት ቀና ብሎ እንዲያይ እለምነዋለሁ።

ያን ጊዜ የተሠራው ስህተት ዛሬም በየሰፈሩ ይሠራል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ። ከበሩ በላይ የሚተኛው እንጨት፣ ጉበኑ፣ በሚስማር መንጠልጠል የለበትም። በእንጨት ላይ መቀመጥ አለበት። ሚስማር እንጨት ከእንጨት እንዳይለያይ ይይዛል እንጂ ጣሪያ አይሸከምም። ትክክለኛው አሠራር በበሩ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት እንጨት ማቆም ነው። አንዱ ረጅም ሆኖ እስከ ላይኛው ማሰሪያ አግዳሚ ይደርሳል። ሌላው ከእሱ ጋር ተጣብቆ በሩ ቁመት ላይ ይቆረጣል፣ ጉበኑም በዚህ አጭሩ አናት ላይ ይቀመጣል። ክብደቱ ከወራጅ ወደ ጉበን፣ ከጉበን ወደ አጭሩ ቋሚ፣ ከአጭሩ ቋሚ ወደ መሬት ይወርዳል። ሚስማር የተሸከመበት ቦታ የለም። አናጢሽ ይህን ስትነግሪው «ትርፍ እንጨት ነው» ካለሽ ሌላ አናጢ ፈልጊ።

ለጉበኑ ደረቅ ጣውላ ግዙ፣ 5 በ15 ሳንቲም የሆነ፣ ሁለቱን አጋጥማችሁ በሚስማር አጣብቁት፣ ሲቀመጥም በጠርዙ ቁሞ እንጂ ተኝቶ አይሁን። ለምን እንደሆነ በማስመሪያ ሞክሪው፣ ተኝታ በጣትሽ ስትጫኛት ትጎብጣለች፣ በጠርዟ ስታቆሚያት አትነቃነቅም። የጣውላው ቁመት እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው አራት እጥፍ፣ አለመጉበጡ ደግሞ ስምንት እጥፍ ነው የሚሆነው። ለአንድ ሜትር በር፣ ፎቅ ለሌለው ቆርቆሮ ቤት ይህ ይበቃል። ከላይ ቆጥ ወይም ፎቅ ካለ፣ ወይም ጣሪያው የሸክላ ክዳን ከሆነ፣ ይህን ምክር ትተሽ መሐንዲስ ጥሪ። እርጥብ ባህር ዛፍ ደግሞ ርካሽ ነው ብላችሁ አታምጡ። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ መቃኑን ይዞት ይዞራል።

ከቋሚው ራስ እኩል የሚያሳስበኝ ግን እግሩ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ዛፍ ጋር አብራ ያደገች ከተማ ናት። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ተተከለ፣ ቶሎ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ቋሚውም፣ በቋሚዎቹ ላይ በአግድም የሚመታው ማገሩም፣ ወራጁም እሱ ሆነ። መሬት ውስጥ ሲቀበር ግን አይበረክትም፣ እንደ ጽድና እንደ ወይራ አይደለም። እርጥበትና ምስጥ ይጨርሱታል፣ የሚጨርሱትም ልክ አፈሩ አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ አሮጌ ጭቃ ቤት ውስጥ ቋሚው መሬት ላይ የቆመ ይመስላል እንጂ እግሩ ካለቀ ቆይቷል፣ ማገሩና ጭቃው ከጎረቤቱ ቋሚ ጋር አያይዘውት ነው ተንጠልጥሎ የሚውለው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ውስጥ አንድ ደህና ቋሚ ስትቆርጪ የቆረጥሽው የሌሎቹንም ተስፋ ነው። አናጢው መጋዝ ከማንሳቱ በፊት በበሩ ዙሪያ ያሉትን አራት አምስት ቋሚዎች ከወለሉ አጠገብ ጭቃቸውን ፋቅ ፋቅ አድርጎ በጩቤ ወይም በረጅም ሚስማር ይውጋቸው። ሚስማሩ እንደ ዳቦ ከገባ ያ ቋሚ አልቋል፣ በሩ ከመስፋቱ በፊት እሱ መለወጥ አለበት።

አዲሶቹን ቋሚዎች ዝም ብላችሁ አፈር ውስጥ አትትከሉ። ጠንካራ መሬት እስክታገኙ፣ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ቆፍሩ፣ በተለይ አፈሩ መረሬ ከሆነ ጠለቅ በሉ፣ መረሬ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞት ይነሣል ይወርዳል። ጉድጓዱን በድንጋይና በኮንክሪት ሙሉና ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ ቋሚው በላዩ ይቀመጥ። እንዳይንሸራተት ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ፌሮ ቀብራችሁ አውጡና ከእንጨቱ ጋር እሰሩት። ሰዎች እንጨቱን የተቃጠለ ዘይት ቀብተው ይቀብሩታል፣ ምስጥን ለተወሰነ ጊዜ ያባርራል፣ ግን ይህ የታመመ ሰው የሚተኛበት ክፍል ነውና ሽታው አይሆንም። እንጨቱን ከአፈር ማለያየቱ ይሻላል።

ኮንክሪቱ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይ። ስለዚህ መሠረቱን አስቀድማችሁ ሥሩ፣ የቀረውን በኋላ።

ከዚያ ድጋፍ። በግድግዳው በሁለቱም በኩል ነው የሚደገፈው፣ በአንድ በኩል ብቻ አይደለም፣ ወራጆቹ ወደ ሳሎንም ወደ መኝታ ቤትም ስለሚሄዱ። ከግድግዳው 70 ሳንቲም ያህል ራቅ ብሎ፣ ከወራጆቹ ሥር አንድ ጠንካራ አግዳሚ ይተኛ፣ ከአዲሱ በር ስፋት በግራም በቀኝም ግማሽ ሜትር ያልፍ ዘንድ ረዘም ያለ ይሁን። ከሥሩ ሦስት አጣና ይቁም። ኮርኒሱን አትደግፉ፣ ኮርኒስ ጣሪያ አይይዝም፣ ለሥራው በዚያ መስመር ይነሣ። ከእያንዳንዱ አጣና ሥር ሰፊ ጣውላ ይነጠፍ፣ የአፈር ወለል ላይ ባዶ አጣና ካቆማችሁ ይሰምጣል። በጣውላውና በአጣናው መካከል ሽብልቅ ከሁለት ወገን ቀስ ብሎ ይመታ፣ አጣናው በእጅ ሲገፋ የማይንቀሳቀስ እስኪሆን ብቻ። ጣሪያውን ላንሳው ብሎ መምታት የለም፣ ቆርቆሮው ሚስማሩን ይነቅላል፣ ክረምት ላይ የሚያፈሰው እዚያ ነው። የጣሪያው አናት አግዳሚ በቀጥታ በሚቆረጡት ቋሚዎች ላይ ካረፈ ደግሞ ለእሱም ለብቻው ድጋፍ ያስፈልገዋል።

ሲቆረጥ ቆጣሪው ይጥፋ፣ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የድሮ ሽቦ የት እንዳለ አይታወቅም። ጭቃው በመሮና በመዶሻ ቀስ ተብሎ ይውረድ፣ በድጅኖ አይመታ፣ ምቱ ያልታሰበውን ጭቃ ሁሉ ያራግፋል። ቋሚው በመጋዝ ይቆረጥ፣ በመጥረቢያ አይሁን። ከጉበኑ በላይ ያለው የቋሚው ቁራጭ ይቀመጥ፣ አይነቀል። እሱ ነው ጣሪያውን ከጉበኑ ጋር የሚያገናኘው።

የተቆረጡት ማገሮች ጫፋቸው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ እያንዳንዱ ከአዲሱ ረጅም ቋሚ ጋር ይመታ። ጭቃ ቤትን ከመወዛወዝ የሚይዘው ማገሩ ነው፣ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። አሁን ቀዳዳው ስለሰፋ ግድግዳው ከድሮው ደከም ይላልና ከበሩ ጎን ባለው የግድግዳ ክፍል አንድ እንጨት በሰያፍ ብትመቱበት ደስ ይለኛል። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ቆርቆሮ ጣሪያ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚገፋው፣ ንፋስ ሲነሣ ወደ ላይ ይጎትታል። የቆረጣችኋቸው ቋሚዎች ጣሪያውን ወደ መሬት ይዘውት ነበር። ስለዚህ ቁራጮቹ ከጉበኑ ጋር፣ ጉበኑ ከረጅሞቹ ቋሚዎች ጋር በሚስማርም በወፍራም ሽቦም ይታሰሩ። እዚህ ላይ ሚስማር ሥራው ነው።

በሩን ወደ ቤቱ ማዕዘን አታስፉት። የማዕዘን ቋሚ አይነካም። ወደ መሃል በኩል አስፉት።

ጭቃውን የምታውቁት ነው፣ አላረዝመውም። የወረደውን አትጣሉት፣ ከአዲስ የጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት ይቆይና ይመለሳል። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይውጣለት፣ ከዚያ ሁለተኛው። ቶሎ እንዲያልቅ ብላችሁ ሲሚንቶ አትለስኑበት፣ ሲሚንቶና ጭቃ አይስማሙም፣ ከሥሩ እርጥበት አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ወቅቱም በጋ ይሁን።

ስለ ደፍ ሳልነግርሽ ብቀር አዝናለሁ። ስንት ሰው በሩን አስፍቶ ደፉን ትቶት ወንበሩ እዚያው ሲቆም አይቻለሁ። የ5 ሳንቲም ደፍ ለእኔና ለአንቺ ምንም አይደለም፣ ለእናትሽ ግን ግድግዳ ነው። አንሡት። ካልተነሣ 60 ሳንቲም የሚረዝም ተዳፋት ሥሩለት፣ ለአንድ ሳንቲም ከፍታ 12 ሳንቲም ርዝመት እያላችሁ አስቡት። የውጭውንም በር በዚሁ ስሌት እዩት፣ ፀሐይ እንድትሞቅ።

ቤቱ የአያትሽ ነው ብለሻል፣ ካርታው በእናንተ ስም ከሆነም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ይህን የሚያነብ የቀበሌ ቤት ተከራይ ካለ ለእሱ ደግሞ የግድ ነው፣ ግድግዳው የእሱ አይደለም። ከጎረቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የምትጋሩ ከሆነ ጣሪያችሁም ሊያያዝ ይችላልና ጎረቤታችሁ አስቀድሞ ይወቅ፣ በእሱም በኩል ድጋፍ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሥራው ሲሠራ እናትሽን ዘመድ ቤት ውሰጃት። አቧራው ለእሷ አይሆንም፣ ድጋፍ ላይ በቆመ ጣሪያ ሥርም ማንም አይተኛ።

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አባቴ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን ሊኖሩ ነው፣ በዎከር፣ በእጅ በሚያዝ መደገፊያ፣ ነው የሚሄዱት። ምድር ቤት ያለችውን ክፍል በር ወደ 36 ኢንች ላሳድግላቸው ፈልጌ በሰው በሰው አንድ ሠራተኛ አገኘሁ። «ፈቃድ አያስፈልግም፣ ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ» አለ። ድራይዎሉን፣ የግድግዳውን ልባስ፣ ከፈተ፣ አንድ ስተድ፣ ማለትም የግድግዳ ቋሚ፣ ቆረጠ፣ ዕቃ ላምጣ ብሎ ወጣ፣ ስልክም አያነሣም። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1962 የተሠራ ነው፣ ከላይ መኝታ ክፍሎች አሉ። ባለቤቴ ፈርታለች። እኔም።

መልስ፦

ወንድሜ፣ መፍራታችሁ ተገቢ ነው፣ ግን ቤቱ በአንድ ስተድ ዛሬ አይወርድም። በአሜሪካ ቤት ስተዶቹ በየ16 ኢንቹ ነው የሚቆሙት፣ ከላይም ድርብ ማሰሪያ እንጨት ይሄድባቸዋል፣ ስለዚህ ጎረቤቶቹ ለጊዜው ይሸከሙታል። ለጊዜው ነው ያልኩህ። ከዚያ በላይ ካለው ክፍል ከባድ ነገር፣ የመጽሐፍ መደርደሪያም ሆነ ሙሉ ቁም ሣጥን፣ ዛሬውኑ አንሡ። ልጆች እዚያ አይዝለሉ። የቀረውን ማንም እንዳይነካ።

ከዚያ ኮርኒሱን እይ። የላይኛው ወለል ጆይስቶች፣ ማለትም ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች፣ ግድግዳውን አቋርጠው የሚሄዱ ወይም ሁለቱ በላዩ ላይ የሚገናኙ ከሆነ ተሸካሚ ነው። ከግድግዳው ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይደለም፣ ግን ያንን መዝኖ የሚነግርህ ባለሙያ ይሁን። ተሸካሚ ከሆነ ከጉለሌዋ እህታችን ምክር የሚለየው የእንጨቱ ስም ብቻ ነው። በሁለቱም በኩል ጊዜያዊ ድጋፍ፣ ከዚያ ረጅም ስተድ፣ አጠገቡ አጭር ስተድ፣ በአጭሩ ላይ የተቀመጠ ሄደር፣ ማለትም ጉበን። ለ36 ኢንች በር የሚያስፈልገው ክፍት ቦታ 38 ኢንች ነው፣ አጭሮቹ እያንዳንዳቸው ኢንች ተኩል ይወስዳሉና በረጅሞቹ መካከል 41 ኢንች ይሆናል። 2 በ4 የሚባለው እንጨት ሲለካ 1.5 በ3.5 ኢንች ነው፣ ስለዚህ ሄደሩ ሁለት ጣውላና በመካከላቸው ግማሽ ኢንች ፕላይዉድ ተደርጎ ከግድግዳው ውፍረት ጋር ልክ ይገጥማል። የሄደሩን ቁመት ግን እኔ ከዚህ ሆኜ አልነግርህም። ከላይ ስንት ፎቅ እንዳለ፣ ቤቱ ስንት ጫማ እንደሚሰፋ ይወስነዋል፣ ለዚያም በሕንፃ ኮዱ ውስጥ ሰንጠረዥ አለ።

እግሩን እዚህም አትርሳ። በአጭሮቹ ስተዶች ሥር ምን አለ? ባዶ ቤዝመንት ከሆነ ክብደቱ በጆይስቶች መካከል ባለ ቀጭን ወለል ላይ እንዳያርፍ ከሥሩ በእንጨት መታጨቅ አለበት፣ እስከ ቢሙ ወይም እስከ መሠረቱ ድረስ።

«ፈቃድ አያስፈልግም» ያለህ ነገር ትክክል አይደለም። ተሸካሚ ግድግዳ መንካት የካውንቲ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ተቆጣጣሪውም ድራይዎሉ ከመዘጋቱ በፊት ያየዋል። ብዙ ወገኖቻችን ተቆጣጣሪን ይፈሩታል፣ ቅጣት ይዞ የሚመጣ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የማላውቀው ሰው የሠራውን ሄደር አንድ የሚያውቅ ሰው ቢያይልኝ ደስ ይለኛል፣ አባቴ ከሥሩ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ የበለጠ። በሜሪላንድ የቤት ማሻሻያ ሥራ የሚሠራ ተቋራጭ ከስቴቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃድ ያለው ሰው ቢበድልህ አቤት የምትልበት አለህ፣ ካሳ የሚከፈልበት ፈንድም አላቸው። ለሌለው ግን ያ ፈንድ አይደርስልህም። የሚቀጥለውን ሰው ቁጥሩን ጠይቀውና ራስህ አጣራ፣ የአገር ልጅ ነው ብለህ አትለፈው።

ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ የድሮው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የተቆረጠው ግድግዳ አጠገብ ያለውን አቧራ በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፣ ክፍሉ በላስቲክ ይዘጋ፣ እስኪመረመርም ልጆች አይግቡበት። ለአባትህ ደግሞ ከዚያች ክፍል እስከ መታጠቢያ ቤቱ ያለውን ሁሉ በሜትር ለካው። የመታጠቢያ ቤት በር አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ጠባቡ ነው፣ ፈቃዱንም ለሁለቱ በአንድ ጊዜ ብታወጣው ይቀልሃል።